የእናቴ ኤስኤስአይ ሳይነካ ባንክ ተጠራቅሟል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ከኔና ከቤተሰቤ ጋር ትኖራለች። በወር 994 ዶላር ኤስኤስአይ ታገኛለች። ከዚያ ላይ ለቤት ኪራይ 450 ትሰጠኛለች፤ ቀሪውን እምብዛም አትነካውም። ገንዘቡ የሚገባው በሁለታችን ስም በተከፈተ አካውንት ነው። ጁላይ 3 ቀን ሳየው 5,260 ዶላር ሆኗል። ከዚህ ውስጥ 1,800ው የኔ የታክስ ተመላሽ ነው። አሁን ከሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ የባንክ ስቴትመንት አምጡ የሚል ደብዳቤ መጣ። አንዷ ጓደኛዬ «ካሽ አውጥተሽ ቤት አስቀምጪው» ትላለች፤ ሌላዋ «ወደ ራስሽ አካውንት አዙሪው» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ለአዲስ አበባው ቤት ማስጨረሻ ላኩልኝ» ይላል። እናቴ ለአገር ቤት ቲኬት ነው የማጠራቅመው ባይ ናት። መንግሥት የሰጣትን ገንዘብ ስላልበላችው ትቀጣለች እንዴ?

ምላሽ፦ ገንዘቡን ካሽ አያውጡት፤ ወደ ራስዎ አያዙሩት፤ ለወንድምዎም አይላኩት። ሦስቱም ምክሮች አሁን ካለብዎት ችግር የባሰ ያመጣሉ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሂሳቡን በትክክል እንሥራው፤ ነገሩ ከፈሩት በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ኤስኤስአይና የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የተለያዩ ናቸው። የሚሰጣቸው ቢሮ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። ጡረታ ሰው ሠርቶ ታክስ ከፍሎ ያገኘው መብት ነው፤ ባለጡረታው ባንክ ውስጥ መቶ ሺህ ዶላር ቢኖረው ማንም አይጠይቀውም። ኤስኤስአይ ግን ገቢና ሀብታቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ድጎማ ነው። ስለዚህ የሀብት ጣሪያ አለው። ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። ይህ ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። የወር ክፍያው በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ሲስተካከል ጣሪያው እዚያው ቆሞ ቀርቷል። ቆጣቢን የሚቀጣ ሕግ ነው የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው።

እናትዎ ገንዘቡን ስላልጨረሱ አይቀጡም። ክፍያው ለሳቸው እስከገባ ድረስ በየወሩ ምን እንደገዙበት የሚጠይቃቸው የለም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ወሩ በገባበት የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ከሌሊቱ፣ በእጃቸውና በስማቸው ያለው ሀብት ከ2,000 ይበልጣል ወይስ አይበልጥም? በወሩ መሀል 2,900 ደርሶ እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ 1,700 ከወረደ ችግር የለም። በ1ኛው ቀን በአንድ ዶላር እንኳ ካለፈ ግን የዚያ ወር ክፍያ በሙሉ አይገባቸውም ነበር ማለት ነው። ያለፈችው አንድ ዶላር ብቻ አይደለችም የምትቆረጠው፤ ወሩ እንዳለ ይሄዳል። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ 5,260ው እንምጣ። በወሩ ውስጥ የገባ ክፍያ በዚያው ወር «ገቢ» ነው። «ሀብት» ሆኖ የሚቆጠረው ሳይወጣ ወደ ቀጣዩ ወር የተሻገረው ብቻ ነው። ጁላይ 1 ቀን የገባው 994 እንግዲህ ከጁላይ ሀብት ውስጥ አይቆጠርም። ከጁላይ 1 ወዲህ ሌላ የወጣ ወይም የገባ ከሌለ 4,266 ይቀራል። የእርስዎን 1,800 ስናወጣ 2,466። እናትዎ ከጣሪያው ያለፉት በ466 ዶላር ነው፤ እርስዎ እንዳሰቡት በሦስት ሺህ አይደለም። ወደኋላ ሄደው የእያንዳንዱን ወር 1ኛ ቀን ባላንስ በዚሁ መንገድ ያውጡ። ምናልባት ያለፈው ወር አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሆኖ ያገኙታል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። 1ኛው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የበዓል ቀን ላይ ሲውል ክፍያው ቀደም ብሎ ባለው የሥራ ቀን ይገባል። ኦገስት 1 ቀን 2026 ቅዳሜ ነው፤ የኦገስቱ ክፍያ ዓርብ ጁላይ 31 ይገባል። ስቴትመንቱን ላየ ሰው ጁላይ ውስጥ ሁለት ክፍያ የገባና ኦገስት 1 ባላንሱ ያበጠ ይመስላል። ቀድሞ የገባው ግን የኦገስት ገቢ ነው፤ በኦገስት 1 ሀብት ላይ አይደመርም። የቢሮው ሠራተኛ ይህን ሳያስተውል ቢያልፍ እርስዎ ያስታውሱት።

ዋናው ጣጣ ያለው ከጋራ አካውንቱ ላይ ነው። ልጅ በእናቷ አካውንት ስሟን የምታስገባው ልትረዳ ብላ ነው፤ ቢል መክፈል፣ ባንክ መደወል፣ ኤቲኤም መሄድ አለ። ሕጉ ግን እንዲህ ይላል፦ ከባለአካውንቶቹ አንዱ ብቻ ኤስኤስአይ የሚያገኝ ከሆነ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ገንዘቡ በሙሉ የሱ ነው። እናም የእርስዎ 1,800 ዛሬ በቢሮው ዓይን የእናትዎ ነው። ከዚያም አልፎ በገባበት ወር የእናትዎ ገቢ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ይህን ማስተባበል ይቻላል። ታክሱ የእርስዎ መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀትና ገንዘቡ የገባበትን ስቴትመንት ይያዙ። ሁለታችሁም ገንዘቡ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ቃላችሁን ትሰጣላችሁ። ከዚያ የእርስዎን ገንዘብ ወደ እርስዎ አካውንት ትለያላችሁ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፤ መጀመሪያ ማስረጃውን ሰብስቡ፣ ለቢሮው ተናገሩ፣ ከዚያ 1,800ውን ብቻ አውጡ። አንድ ዶላር ጨምረው ቢያወጡ ማስረጃዎ ይበላሻል።

አሁን ወደ ሦስቱ ምክሮች። ካሽ አውጥቶ ቤት ማስቀመጥ ምንም አይለውጥም፤ ካሽም ሀብት ነው፤ ፍራሽ ስር ቢሆንም ይቆጠራል። የሚለወጠው ነገር ቢኖር፣ ደብዳቤው ከመጣ በኋላ በአንድ ቀን ሦስት ሺህ ዶላር የወጣበት ስቴትመንት ይዘው ቢሮ መቅረብዎ ነው። ገንዘቡ የት ሄደ ሲባሉ «አለ» ካሉ ተቆጠረ፤ «የለም» ካሉ ዋሹ። እያወቁ ሐሰት መናገር ለመጀመሪያ ጊዜ 6 ወር ክፍያ ያስቆማል፤ ሲደገም 12፣ ከዚያም 24 ወር ይሆናል። አያዩትም የሚለው ወሬም ያረጀ ነው። ቢሮው ባንኮችን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይጠይቃል፤ ያልተነገረውንም አካውንት ጨምሮ። ለዚህ ፈቃድ የሰጡት እናትዎ ራሳቸው ናቸው፤ ማመልከቻው ውስጥ አለ።

ወደ ራስዎ አካውንት ማዞርና ለወንድምዎ መላክ በሕጉ ዘንድ አንድ ነገር ናቸው፤ ሁለቱም ሀብትን በነጻ መስጠት ነው። ከጣሪያው በታች ለመሆን ብሎ ሀብቱን የሰጠ ሰው እስከ 36 ወር ድረስ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። ቢሮው ወደኋላ የሚያየውም 36 ወር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተሰጠው ገንዘብ ለሙሉው የወር ክፍያ ይካፈላል። እናትዎ 3,000 ዶላር ለወንድምዎ ቢልኩ፣ 3,000 ለ994 ሲካፈል ሦስት ይሆናል፤ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ለፋሲካ ለእህታቸው የሚልኩት ሃምሳ ዶላር አይደለም እያልኩ ያለሁት። ጉዳዩ ጠቀም ያለ ገንዘብ ወጥቶ ባላንሱ በአንዴ ከ2,000 በታች ሲወርድ ነው።

ወንድምዎ ስለሚያስጨርሱት ቤት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ካርታው በማን ስም ነው? በእናትዎ ስም ከሆነ ከባንኩ ገንዘብ የበለጠ ሊያሳስብዎት ይገባል። አገር ቤት ያለ ንብረት አይቆጠርም የሚል እምነት በመካከላችን በጣም ተስፋፍቷል። ይቆጠራል። የማይቆጠረው ሰውየው ራሱ የሚኖርበት ቤት ነው፤ እናትዎ ደግሞ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ያለ ቤት፣ ቦታ፣ በብር የተቀመጠ የባንክ ሂሳብ ሁሉ ሀብት ነው። የማይሸጥበት ሕጋዊ ምክንያት ካለ ቢሮው ያየዋል፤ ግን መጀመሪያ መነገር አለበት። ነገሩ ይህ ከሆነ ወደ ቢሮው ከመሄድዎ በፊት ነጻ የሕግ እርዳታ ድርጅት ያማክሩ። ይኸኛው በኔ ምላሽ ብቻ የሚወሰን አይደለም።

ታዲያ 466ቱ ምን ይሁን? ይውጣ። እናትዎ በራሳቸው ገንዘብ ለራሳቸው የሚያስፈልጋቸውን ይግዙ። ጥርስ፣ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነው ሁሉ። ጥሩ ፍራሽ፣ የክረምት ካፖርት፣ ስልክ። የቤት ዕቃና የግል መገልገያ ከሀብት አይቆጠርም። ወርቅ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንገታቸው ላይ የሚውል ሀብል የግል ዕቃ ነው፤ ለማስቀመጥ ተብሎ የሚገዛ ወርቅ ግን ገንዘብ ነው። ዕዳ ካለባቸው ይክፈሉ። ለእርስዎ ይከፈል የሚባለው ዕዳ ግን ሲበደሩ የተጻፈ ነገር ከሌለው ስጦታ ይመስላል፤ አይሞክሩት። የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ መቀበልም እንደዚያው። ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ።

ሁለተኛው በር የቀብር ገንዘብ ነው። ለራስ ቀብር ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ እስከ 1,500 ዶላር ከሀብት አይቆጠርም። ከዚህ የሚቀነስ የሕይወት ኢንሹራንስ ወይም ቀድሞ የተከፈለ የቀብር ውል እንዳላቸው ግን ያረጋግጡ። ገንዘቡ ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ በሌላ አካውንት መቀመጥ አለበት፤ ለምን እንደሆነም ለቢሮው በጽሑፍ ይነገራል። ስለ ቀብር ማውራት ብዙ እናቶች አይወዱም፤ ሟርት ይመስላቸዋል። ግን የእድር ነገር የለመደ ሰው ሐሳቡን ቶሎ ይረዳዋል። የእድር ወርሃዊ መዋጮም የሳቸው ወጪ ነው፤ ከራሳቸው ገንዘብ ይከፈል። እቁብ ግን አልመክርም። እቁብ ላይ የተጣለ ገንዘብ የሳቸው መሆኑ አልቀረም፤ ሲወጣላቸው ደግሞ በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ዶላር እጃቸው ይገባል፤ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ የሚቀርብ ወረቀት የለም።

ቀብሩም፣ ፍራሹም ቢሆን ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። ልብ ይበሉ፤ እናትዎ በወር 544 ዶላር ይተርፋቸዋል። ዛሬ ባላንሱን አንድ ሺህ ላይ ቢያደርሱት በሁለት ወር ተመልሶ ከ2,000 ያልፋል። የሚስተካከለው 450ው ነው። ኪራይ፣ መብራት፣ ጋዝና ውሃ ደምረው በቤቱ ለሚኖሩት ሰዎች ቁጥር ያካፍሉት። ለምሳሌ ድምሩ 2,400 ቢሆንና አራት ሰው ብትሆኑ ድርሻቸው 600 ነው። እውነተኛ ድርሻቸውን መክፈላቸው ማጭበርበር አይደለም፤ እንዲያውም ሕጉ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ድርሻውን የማይከፍል ሰው በቤት ጉዳይ እየተረዳ ነው ተብሎ ክፍያው እስከ ሲሶው ገደማ ሊቀነስበት ይችላል። ድርሻው በሐቅ 450 ከሆነ ግን አይጨምሩት። አስቤዛቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ ታክሲያቸውን ራሳቸው ይክፈሉ። ልጆች እናታችን ለምን ታወጣለች እያልን ሁሉን ከኪሳችን እንሸፍናለን፤ ውጤቱ እንዲህ ያለ አካውንት ነው። በነገራችን ላይ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ምግብ መርዳት ብቻውን ክፍያ አያስቀንስም። እናትዎን ማጉረስዎን ማንም አይከለክልዎትም።

ቲኬቱስ? መግዛት ይችላሉ፤ ለራሳቸው የሆነ ወጪ ነው፤ ከ2,466ው ላይ ቢገዛ ምናልባት ችግሩ በአንዴ ያልቃል። ጉዞው ግን የራሱ ሕግ አለው። 30 ተከታታይ ቀን ወይም ሙሉ የቀን መቁጠሪያ ወር ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ኤስኤስአይ ይቋረጥበታል። 30 ቀን ከሞላ ደግሞ የሚጀመረው ተመልሰው 30 ተከታታይ ቀን እዚህ ከቆዩ በኋላ ነው። በሌሉበት የገባ ገንዘብ ይጠየቃል። ለሦስት ሳምንት ይሂዱ፤ ከመሄዳቸው በፊትም ቢሮው ይወቅ። ሠርግ ወይም ሐዘን አስገድዶ የሚቆዩ ከሆነ የዚያን ጊዜ ክፍያ አይንኩት።

እርስዎ የእናትዎ ተወካይ ተቀባይ፣ ማለትም በቢሮው የተሾሙ ፔዪ ከሆኑ ነገሩ ጠንከር ይላል። ፔዪ ገንዘቡን ከራሱ ጋር በጋራ አካውንት መያዝ አይፈቀድለትም። አካውንቱ ገንዘቡ የእናትዎ መሆኑንና እርስዎ ተወካይ ብቻ መሆንዎን በሚያሳይ ስም መከፈት አለበት። የተረፈው ለሳቸው ይቀመጣል፤ ጣሪያው ግን ለፔዪም አይነሳም። ፔዪ ካልሆኑ ደግሞ ባንኩ በእናትዎ ስም ብቻ አካውንት እንዲከፍትና ለእርስዎ የመፈረም ፈቃድ ብቻ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ የገንዘቡ ባለቤት አይሆኑም። ስም መለየቱ ለሌላም ቀን ይጠቅማል። ዕድሜ ይስጣቸውና፣ የኤስኤስአይ ተቀባይ ሲሞት የሞተበት ወር ክፍያ ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ግን ይመለሳል። በጋራ አካውንት ያለ ልጅ ሳያውቅ አውጥቶት ዕዳ ውስጥ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ለደብዳቤው መልስ ይስጡ፤ ቀኑን አያሳልፉ። ዝምታ በራሱ ክፍያ ያስቆማል። በብዙ ስቴቶች ሜዲኬይድ ከኤስኤስአይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከ994ው በላይ የሚጎዳው የሕክምናው መቋረጥ ነው። ስቴትመንቱን በሙሉ ይስጡ፤ የ1,800ውን ማስረጃ አያይዙ፤ የተገዛውንም ደረሰኝ እንዲሁ። ለውጥ ሁሉ የሚነገረው ለውጡ ከሆነበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ነው። የጁላዩ እስከ ኦገስት 10 መሆኑ ነው። አለመናገር ከ25 እስከ 100 ዶላር ቅጣት አለው።

ያለፉት ወራት ተቆጥረው ትርፍ ተከፍሏል፣ መልሱ የሚል ደብዳቤ ይመጣ ይሆናል። አይደንግጡ፤ ደብዳቤውንም መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት። ቁጥሩ ልክ አይደለም ካሉ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይጠየቃል። ክፍያ ሊቆም ወይም ሊቀነስ ነው የሚል ከሆነ ደብዳቤው በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ያለ ሰው ውሳኔ እስኪሰጥ ክፍያው ይቀጥልለታል። ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ጥፋቱ የእናትዎ ካልሆነና መክፈል የሚያስቸግራቸው ከሆነ ዕዳው እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ቅጹ ኤስኤስኤ 632 ይባላል። ካልተሰረዘም አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ የሚቀነሰው ከ10 በመቶ አይበልጥም። ሀብት አልፎ ክፍያ ከታገደ ከጣሪያው በታች ሲወርዱ ይመለሳል፤ እገዳው ያለማቋረጥ 12 ወር ከቆየ ግን እንደ አዲስ ማመልከት ይጠይቃል።

የኔ ምክር ይህ ነው። በዚህ ሳምንት የ1,800ውን ወረቀት ይሰብስቡና ለቢሮው አስታውቀው ገንዘቡን ይለዩ። በእናትዎ ስም ብቻ አካውንት ይክፈቱ። እናትዎ ከፈቀዱ 1,500ውን የቀብር አካውንት ያድርጉት፤ ካልፈቀዱ ቲኬቱን ወይም የሚያስፈልጋቸውን ጁላይ ሳያልቅ ይግዙ። ከዚያ ወዲያ በወሩ የመጨረሻ ቀን ከሚሻገረው ገንዘብ 1,500 በላይ አያስቀሩ፤ የቀረው 500 ለስህተት መጠባበቂያ ነው። ቢሮው በስልክ ቁጥር 1-800-772-1213 ይገኛል። በአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ፤ ራስዎ ከማስተርጎም ይልቅ የነሱን ይጠይቁ፤ ከእናትዎ ጋር በአንድ አካውንት ስላሉ ባለጉዳይ ነዎት። ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስም፣ ቀኑንና የተባለውን ጽፈው ከደረሰኞቹ ጋር ያኑሩት።